ቀፋይ ወይስ ሸቃይ?

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። «በዚህ አገር ደግሞ ማን ቅርጫት ኳስ ያያል?» ለምትሉ የማንቼና የአርሰናል ልጆች፣ እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ስለ አንድ ቃል ነው። የአራዳ ቃል ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት ዛሬ ጠዋት ራሱ ተናግራችሁታል። እኔን ግን የልጅነት ጓደኛዬን አምስት ዓመት ነጥቆኛል።

(ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኳሱ የእነሱ፣ ካሌንደሩም የእነሱ፤ እኔ ምን ላድርግ?)

እናላችሁ… የሰፈራችን ሜዳ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለች የሲሚንቶ ሜዳ ነበረች። ሁለት ቀለበት አላት፤ አንደኛው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። መረብ የሚባል ነገር አናውቅም። መረብ ስለሌለ ኳሱ ይግባ አይግባ በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከጨዋታው ክርክሩ ይበልጥ ነበር። ዳኛም የለንም። የተመታው ልጅ ራሱ «ፋውል!» ብሎ ይጮኻል፤ የመታው ልጅ «የት ነካሁህ?» ብሎ ይምላል፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ችሎት እንቀመጣለን። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ኤንቢኤን የምናየው ከመከራ ጋር ነበር። አሜሪካ በምሥራቅ በኩል ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚጀመር ጨዋታ እኛ ጋ ሲደርስ ሌሊት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጥር 22 ቀን 2006 ኮቤ ብራያንት ቶሮንቶ ላይ 81 ነጥብ ያገባ ጊዜ እኛ ተኝተን ነበር። በማግስቱ ኢንተርኔት ካፌ ገብተን ሦስት ሆነን አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ዜናውን አነበብነው። ከዚያ አንዲት አጭር ቪዲዮ ለመክፈት ሞከርን። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ደቂቃው ይቆጥራል፣ ሒሳቡ ይቆጥራል። ኮቤ አንድ ጊዜ ዘለለና አየር ላይ ቀረ። ገንዘባችን አለቀ። እስከ ዛሬ ድረስ ለእኔ ያ ኳስ አልገባም።

ቃል መፍጠር የጀመርነው በዚያ ሰሞን ነው። አሜሪካኖቹ ነጥብ የሚያዘንብ ተጫዋች ሲያደንቁ «ባኬት ያገባል» ይላሉ። ባኬት ማለት ባልዲ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ በዚያን ጊዜ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ባልዲ ለእኛ ቀልድ አይደለም። አንዱ ልጅ «ባልዲማ ምን አላት፣ ጀሪካን በለው!» አለ። በቃ፣ ጸደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነጥብ ያገባ ሰው «ጀሪካን ሞላ» ይባላል። ኮቤ 81 ሊትር ሞላ። ዊልት ቻምበርሌይን መጋቢት 2 ቀን 1962 መቶ ሊትር ሞልቶ ታሪክ ሆኗል። እናቴ አንድ ቀን ስልክ ላይ «ትናንት ስንት ጀሪካን ሞላ?» ስል ሰምታ «ውሃ መጥቷል እንዴ?» ብላ ሮጣ ወጥታለች። (እማዬ ይቅር በዪኝ።)

ሌላ ሌላም ነበር። በጣቶቹ ጫፍ ኳሷን ቀስ አድርጎ ከቀለበቱ አፍ ላይ የሚያኖር ሰው «ጉርሻ ሰጠ» ነው። የዚህ ዓይነቱ ጉርሻ አባት የሳን አንቶኒዮው ጆርጅ ገርቪን ነው፤ አራት ጊዜ የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ሆኗል። የዲርክ ኖቪትስኪ በአንድ እግር ቆሞ ወደ ኋላ እያዘነበለ የሚወረውራት «ሽመላ» ተባለች። ሻክ ኦኒልን ሲኖትራክ ነበር የምንለው፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም፣ መንገድ መልቀቅ ነው። በኋላ ስቴፍ ከሪ መጥቶ በ2015-16 ብቻ 402 ባለ ሦስት ነጥብ ሲያገባ፣ ከመስመሩ በጣም ርቆ የተወረወረን ኳስ «ከክፍለ ሀገር ላከ» አልነው።

አያችሁ፣ እያንዳንዷ ቃል አንድ የአገባብ ዘይቤ ነበረች። የምንከራከረውም ስለ ቃሉ ይምሰል እንጂ ስለ ዘይቤው ነው። የቱ አገባብ ያስከብራል? የቱ ያሳፍራል?

ከሁሉም ቃላቶቻችን የከረረ ጠብ ያስነሱት ግን እኛ ያልፈጠርናቸው ሁለት ቃላት ናቸው። «ሽቀላ» እና «ቀፈላ»። ሽቀላ ማለት ሠርቶ፣ ላብ አፍስሶ፣ ወይም ቢያንስ ተሯሩጦ ማግኘት ነው። ቀፈላ ደግሞ… ያው ታውቁታላችሁ። «ወንድሜ፣ የታክሲ ጎደለኝ» የምትለዋ ናት። ሸቃይ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል፤ ቀፋይ ዓይን ዓይን ያያል።

ሜዳችን ላይ ከሁላችንም ጀሪካን የሚሞላው አንድ ጓደኛዬ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ይቺን ጽሑፍ ካየ ራሱን ያውቃል። ቀጭን ነው፣ ብዙም አይዘልም፣ ግን ወደ ሰው ገላ እየገባ መጫወት ይወዳል። ገብቶ፣ ተጋጭቶ፣ «ፋውል!» ይላል። በየጨዋታው አሥር ጊዜ። እኔ ደግሞ ተከላካዩ ነበርኩ። ስንት ጊዜ እንደማልኩ እግዜር ይቁጠረው። እኔን ኳስ መያዝ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው። ትምህርት ቤት እያለን እናቱ ቤት ምሳ በልቼ የማላውቅበት ሳምንት አልነበረም።

ዘመን ሄደ። ሥራ ያዝን፣ ጉልበታችን መንኳኳት ጀመረ፣ ሜዳውን ለልጆች ለቀን ከሥራ በፊት አንዲት ማኪያቶ ቤት መሰብሰብ ጀመርን። ሌሊት የተደረገውን በስልካችን እያየን መጨቃጨቅ ነው ሥራችን። እሱ በ2018 መጨረሻ ላይ የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋ። እንደ ድሮው ይመጣል፤ ማኪያቶውን ከመካከላችን አንዱ ይከፍላል፤ ማንም አያወራበትም። እንዲያ ነው የምንኖረው።

ጥምቀት አልፎ በአምስተኛው ቀን ነው፤ 2019። በዚያች ሌሊት ጄምስ ሃርደን ኒውዮርክ ላይ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ 61 ነጥብ አግብቶ አደረ። ከ61ዱ 22ቱ የመጡት ከፍሪ ትሮው መስመር ነው። 25 ጊዜ ቆሞ ሞከረ፣ 22ቱን አገባ።

የሃርደንን ዘይቤ ላላያችሁ ላስረዳ። ሃርደን ኳሱን ወደ ፊት ዘርግቶ ይገባል፤ ተከላካዩ ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ ክንዱን ከሥር ያጠልፈውና ወደ ላይ እንደሚወረውር ሰው ይነሣል። ዳኛው የሚያየው የተመታ ክንድ ነው። ፊሽካ! ከዚያ 4 ሜትር ተኩል ላይ ያለማንም ተከላካይ ቆሞ፣ ጺሙን ዳበስ አድርጎ፣ አንድ፣ ሁለት። በእርግጥ ያ ብቻ አይደለም የነበረው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ የሚልካት ባለ ሦስት ነጥብ ነበረችው፤ በዚያ ዓመት 378 አግብቷል። በተከታታይ 32 ጨዋታ ከ30 ነጥብ በታች አላገባም። እኔን ግን ያናደደኝ ፊሽካው ነው። ተከላካይ ነበርኩ አላልኳችሁም?

ጓደኛዬ «ይሄ ሊቅ ነው፣ ሕጉን አንብቦ ነው የሚጫወተው» አለ። እኔ ደግሞ ሞቅ ብሎኛል። ጠረጴዛውን መታሁና እንዲህ አልኩ፦

«ምን ሊቅ ነው፣ ቀፋይ ነው እንጂ! ሸቅሎ የሚበላ እንዳይመስልህ፤ ቀፍሎ ነው የሚበላው!»

ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ግን ትንሽ ዘግይቶ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ሳንቲምና የተጨማደደ ብር አወጣ፣ ቆጠረ፣ የማኪያቶውን ሒሳብ ከስኒው አጠገብ አኖረና «ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ተነሣ።

የዚያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ 500 ብር ከእኔ ተበድሮ እንደነበር ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ታክሲዋ ውስጥ ፊቴ ነደደ።

ደውዬ «አንተን ማለቴ አይደለም» ልለው ነበር። ግን «አንተን ማለቴ አይደለም» ማለት ራሱ «አንተን ይመስላል» ማለት ሆነብኝ። ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ ስል አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን ሁለት መልእክት ገባልኝ። የመጀመሪያው የባንክ ነው፤ 500 ብር። ሁለተኛው ከእሱ ነው። ሰላምታ የለውም፦

«ጆርዳን፣ 1986-87። ጠቅላላ ነጥብ 3041። ከፍሪ ትሮው 833። እሱም ቀፋይ ነው?»

በቃ። ከዚያ በኋላ ማኪያቶ ቤቱ አልመጣም። እኔም አልመለስኩለትም። ኩራት የሚሉት በሽታ ይሁን ማፈር፣ እናንተ ፍረዱ።

ጥያቄዋ ግን አላስተኛችኝም። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። ሃርደን በ2018-19 በአጠቃላይ 2818 ነጥብ አገባ፤ በአማካይ 36.1 ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 754ቱ ከፍሪ ትሮው ነው። ከመቶ 27 ሊሞላ ትንሽ ጎደለው። ጆርዳን በዚያ የ37.1 አማካይ ባስመዘገበበት ዓመት? ከመቶ 27 አልፎ ትንሽ። አያችሁልኝ? «ቀፋይ» ብዬ የሰደብኩት ሰውና ፎቶው ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ሰው ከአንድ መስመር አንድ ዓይነት ድርሻ ነው የወሰዱት። የኮቤ 81ም ቢሆን 18ቱ ከዚያው መስመር ነው። የቻምበርሌይን መቶ ሊትር? 28 ሊትሩ ከዚያው ቧንቧ ነው የተቀዳው፤ እሱ ደግሞ በዕድሜ ልኩ ከሁለት ፍሪ ትሮው አንዱን ብቻ የሚያገባ ሰውዬ ነበር።

ለራሴ ጠበቃ ሆኜ ተከራከርኩ። «በጆርዳን ዘመን ተከላካይ እጁን አጥቂው ላይ አሳርፎ ይገፋ ነበር፤ ሊጉ ያንን አጥብቆ መቅጣት የጀመረው በ2004-05 ነው። ጆርዳን እውነተኛ ዱላ በልቶ ነው የቆመው፤ ሃርደን ክንድ አጥልፎ ነው» አልኩ። ይሄ ክርክር ጥሩ ክርክር ነው። እስከ ዛሬም አልጣልኩትም። እንዲያውም ሊጉ ራሱ በ2021-22 መጀመሪያ ላይ፣ አጥቂ ፋውል ፍለጋ ብቻ ብሎ ድንገት ወደ ተከላካዩ ቢዘል ወይም ክንዱን ቢያጠልፍ ፊሽካ እንዳይነፋለት የሚል መመሪያ ለዳኞች ሲሰጥ «አላልኩም?» ብዬ ጮኬያለሁ።

ችግሩ ግን የጮኽኩት ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ነው። «አላልኩም?» የሚባለው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

በ2024 አዲስ ሥራ አገኘሁ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ የሚነካካ ሥራ ስለሆነ ግን ዋስ አምጣ ተባልኩ። ዋስ ለምናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደመወዙ የተወሰነ መጠን የሚያልፍ ሰው መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት አለበት፤ አንተ አንድ ነገር ብታጎድል እሱ ይከፍላል። አጎቴ ጋ ሄድኩ፤ «ለሌላ ሰው ዋስ ሆኛለሁ» አለኝ። የድሮ አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ «ሚስቴን ላማክር» ብሎ እስከ ዛሬ እያማከረ ነው። ሰባት ሰው ጠየቅኩ። ሰባተኛው ደጃፍ ላይ ቆሜ የምናገረውን ሳሰላ፣ እጄን አሻሽቼ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ… አንድ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ጮኸች።

ቀፋይ።

ለካ ቃሉ የሚከብደው ስትሸከመው ነው፤ ስትወረውረው ላባ ነው።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ከማኪያቶ ቤቱ ልጆች አንዱ ነግሮት ኖሯል። ሥራ ይዞ ሦስት ዓመት ሆኖታል። «ደብዳቤውን አጽፌያለሁ፤ ነገ የት እንገናኝ?» አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ይቅርታ ነበረኝ፤ አንዱም ቃል አልመጣልኝም። በማግስቱ ፈረመ። እስክሪብቶውን ሲመልስልኝ ነው እንደምንም «ያን ቀን የተናገርኩት…» ብዬ የጀመርኩት። አላስጨረሰኝም።

«ፋውል ነበር» አለ። «አይተህ ዝም አልክ እንጂ ፋውል መሆኑን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እንግዲህ ቆመህ ምታ» አለና ሳቀ። ማኪያቶውን እኔ ልከፍል ስል ደግሞ ዝም ብሎ አየኝ። ከፈልኩ። የከፈልኩት በጥንቃቄ ነው፤ ሂሳብ መክፈልም ዘይቤ እንዳለው የገባኝ በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰኔ 2025 መጣ። ኦክላሆማ ሲቲና ኢንዲያና ለሰባተኛው ጨዋታ ደረሱ። ጨዋታው የሚጀመረው ሰኞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ እሱ ቤት አደርን። ታናሽ ወንድሙም አብሮን ነበር፤ ያው እንደ ዘመኑ ልጅ ሁሉንም ቃል ከስልኩ የለቀመ ነው። የዚያ ዓመት ኮከብ ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር ነው። በአማካይ 32.7 ነጥብ፣ በየጨዋታው 8.8 ፍሪ ትሮው። በዚያው ፕሌይኦፍ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊዎች «የፍሪ ትሮው ነጋዴ!» እያሉ በኅብረት ሲጮኹበት ነበር። አሜሪካኖቹም እንግዲህ የራሳቸው ቃል አላቸው ማለት ነው። እኔ ግን ነጋዴ መባል ስድብ መሆኑ አይገባኝም፤ መርካቶ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የኢንዲያናው ሃሊበርተን በመጀመሪያው ሩብ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ወደቀ። ሦስታችንም ዝም አልን። ሻይ በዚያች ሌሊት ኳስ አልገባ ብሎታል፤ 27 ጊዜ ወርውሮ ያገባው 8 ብቻ ነው። ግን ደጋግሞ ገላ ውስጥ ገባ፣ ተመታ፣ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ከ12 ሙከራ 11 አገባ። ከ29 ነጥቡ 11ዱ የዚያ ነው። ኦክላሆማ 103 ለ91 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ንጋት ላይ፣ የሰኔ ዝናብ ጣራውን ሲደበድብ፣ ታናሽ ወንድሙ «ምን ዋጋ አለው፣ ቀፋይ እኮ ነው» አለ።

እኔና እሱ ተያየን። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱ ነው የተናገረው፦

«ቀፋይ አትበል። ከሳሽ በል።»

«ምንድነው ልዩነቱ?» አለ ልጁ።

«ቀፋይ የሰው ይለምናል። ከሳሽ የራሱን ይጠይቃል። ተመትተህ ዝም ካልክ ጀግና አይደለህም፤ ዝም ብለህ የተመታህ ሰው ነህ።»

ይሄ ለእኔም እንደተነገረ ገብቶኛል። ግን ተከላካይ ተከላካይ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «እሺ፣ ከሳሽ ይሁን» አልኩ። «የሐሰት ከሳሽስ የለም? ክንድ እያጠለፈ ‹ተመታሁ› የሚለውስ?»

«የማንን ስም ልትጠራ እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ።

«ሃርደን!»

«በ1986-87 ጆርዳን…» ብሎ ጀመረ።

እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ተጨቃጨቅን። ሥራ አርፍጄ ገባሁ። እሱ ሃርደን ሊቅ ነው እንዳለ ነው፤ እኔ ግማሹ የሐሰት ክስ ነው እንዳልኩ ነኝ። ዳኛ የለንም፤ መረብም የለንም፤ ገባ አልገባ መባባሉ ይቀጥላል። ያቺን ቃል ግን ከሜዳችን አስወጥተናታል። ታናሽ ወንድሙ አንዳንዴ ሊያመልጠው ሲል አፉን ይዞ ይስቃል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሃርደንን ማለቴ ነው። ለሌላው ግን፣ አንዲት ቃል ወርውራችሁ መልሳችሁ ያላነሣችኋት ካለች፣ ስልኩ እጃችሁ ላይ ነው።

ቸር ሰንብቱ!